ደማምና ኹበር፦ ኪራይን ኢቃማ የሚወስንባቸው ከተሞች

ኹበር ውስጥ የሚከራይ ቤት የሚፈልግ የውጭ አገር ሰው ስለ ገንዘቡ ከመጠየቁ በፊት ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ «ቤተሰብ ነህ ወይስ አዛብ?» አዛብ የሚባለው ሚስቱን ሳያስመጣ ብቻውን የሚኖር ወንድ ነው። አገር ቤት ሚስትና አምስት ልጆች ቢኖሩትም ለአከራዩ ያው አዛብ ነው። «ለቤተሰብ ብቻ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሕንፃ አይቀበለውም። ቤተሰቡን ይዞ የመጣው ወደ አቅረቢያ ወይም ወደ ራካ ያመራል፤ ብቻውን የሆነው ወደ ሡቅባ ወይም ወደ አሮጌው መሐል ከተማ ሄዶ አንድ ክፍል ከአራትና ከአምስት ሰው ጋር ይካፈላል።

ኢትዮጵያዊቷን የቤት ሠራተኛ ግን ይህን የሚጠይቃት የለም። እሷ ቤት አትከራይም። ክፍሏ፣ ባለቪላው መሬት ገዝቶ መሐንዲስ በቀጠረ ቀን፣ ከሳሎኑና ከወንዶች እንግዳ መቀበያው ጋር አብሮ ፕላኑ ላይ ተሥሏል።

እንዲህ ያለው አሰፋፈር ታሪክ አለው። ደማም፣ ኹበርና ከኹበር ጎን ያለችው ዳህራን ዛሬ ተገጣጥመው አንድ ሰፊ ከተማ ሆነዋል። በ2022 በተደረገው ቆጠራ (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የምሥራቃዊው አውራጃ ነዋሪ ከ5.1 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በመላው ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ከመቶ ነዋሪ 41.6 ያህሉ የውጭ ዜጋ ነበር። ሩት ግላስ የተባለች የማኅበረሰብ አጥኚ በ1964 ለንደን ላይ ያየችው ነገር ዛሬ በየአህጉሩ ይታያል፦ ባለገንዘቡ የድሀውን አሮጌ ሰፈር ይወደዋል፣ ገዝቶ ያድሰዋል፣ ኪራይ ይንራል፣ ድሀው ወደ ዳር ይገፋል። የካዛንቺስና የፒያሳ ሰውም መገፋትን ያውቀዋል። ደማምና ኹበር ላይ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ባለገንዘቡ መሐል ከተማውን ጥሎ ወጣ፤ የተወውን ቤት ድሀ የውጭ አገር ሰው ገባበት። ያ ሰው ደግሞ ሰፈሩን የሚለቀው ኪራይ ስለተወደደበት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ስላበቃ ነው።

ከነዳጁ በፊት ስለ ደማም የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ቢሆንም ደረቅ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ራሕማ ኢብን ጃቢር የተባለ፣ እንግሊዞች የባሕር ወንበዴ የሚሉት ሰው ደማም ላይ ምሽግ ነበረው። በ1826 ከባህሬን ገዥዎች ጋር ባሕር ላይ ሲዋጋ መሸነፉ እንደማይቀር ሲያውቅ ባሩዱን አቀጣጥሎ መርከቡን ከነራሱ አጋየ። በ1913 የሳዑዲ ዓረቢያ መሥራች ኢብን ሳዑድ አል-ሐሳ የተባለውን ይህን ምሥራቃዊ አገር ከኦቶማን ቱርኮች ሲወስዱ የአገሩ ማዕከል በተምር ደኗ የታወቀችው ሁፉፍ ነበረች። የዛሬው ደማምና ኹበር ያሉበት ባሕር ዳር አሸዋና ጨዋማ ረግረግ ነበር።

ሰው ያሰፈረበት ከባሕሩ ማዶ የተነሣ ጠብ ነው። በ1923 ባህሬን ውስጥ የሚኖሩት ደዋሲር፣ ዕንቁ በማስወጣት የከበሩ ወገኖች፣ ከእንግሊዞች ጋር ተጣልተው ቡደያ የተባለችውን ከተማቸውን ጥለው በጀልባ ተሻገሩ። ኢብን ሳዑድ ፈቀዱላቸውና ከፊሎቹ ደማም፣ ከፊሎቹ ኹበር ላይ ሠፈሩ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ወደ ባህሬን የተመለሱም አሉ። የቀሩት ዓሣ እያጠመዱና ዕንቁ እየፈለጉ ሲኖሩ ጃፓኖች በእርባታ ያወጡት ዕንቁና የ1929ኙ የዓለም የንግድ ድቀት ገበያቸውን ገደለው። ዛሬ ደማም መሐል ላይ የደዋሲር ሰፈር የሚባል አለ። እንግዲህ የእነዚህ ከተሞች «የጥንት ነዋሪ» የሚባሉት ራሳቸው፣ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የመጡ ስደተኞች መሆናቸው ነው።

የነዳጁ ውል ጅዳ ላይ የተፈረመው ግንቦት 29 ቀን 1933 ነው። የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ በብድርና በመጀመሪያ ክፍያ መልክ 35,000 የወርቅ ፓውንድ አስረከበ። ጂኦሎጂስቶቹ በዚያው ዓመት መስከረም ጁበይል ላይ ከጀልባ ወረዱ፤ በ1935 ከኹበር በላይ ባሉት ጉብታዎች ላይ መቆፈር ተጀመረ። አንደኛው ጉድጓድ አላረካም። ሁለተኛው ተስፋ ሰጥቶ ውኃ ሆነ። ሌሎቹም እንዲሁ። ሳን ፍራንሲስኮ ያሉት አለቆች ገንዘቡ ባከነ ብለው ሲያመነቱ ዋናው ጂኦሎጂስት ማክስ ስታይነኬ ጥልቅ እንቆፍር አለ፤ መጋቢት 1938 ላይ ሰባተኛው ጉድጓድ 1,440 ሜትር ገደማ ላይ ነዳጅ ተፋ። ስታይነኬን በበረሃው ይመራ የነበረው ኸሚስ ኢብን ሪምሣን የሚባል በድዊ ነበር፤ በኋላ አንድ የነዳጅ ሥፍራ በስሙ ተጠርቶለታል።

ነዳጁ ከመገኘቱ በፊት ግን ቤት ተሠርቷል። በ1937 የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካውያን ሚስቶች ዳህራን ሲደርሱ፣ ከአሜሪካ ተገጣጥመው የመጡ፣ አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው ቤቶች ጠበቋቸው። ከአጥሩ ውጭ የዓረቡ ሠራተኛ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ባራስቲ የሚባል ጎጆ ውስጥ፣ ያለ መብራትና ያለ ቧንቧ ውኃ ይተኛ ነበር። ክረምቱ ብርድ፣ በጋው ከ45 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ነው። የከተሞቹ የቤት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ አጥር ነው ቢባል አይበዛም። የኩባንያው የሳዑዲ ዓረቢያ ቅርንጫፍ በ1944 ስሙን ወደ አራምኮ ሲለውጥ ሰፈሮቹ በዘርና በደረጃ ተለይተው ቆመው ነበር፦ የአሜሪካውያን ካምፕ፣ የሕንዶችና የሌሎች እስያውያን መካከለኛ ካምፕ፣ የሳዑዲዎች ካምፕ።

በዚህ መሐል ለእኛ አካባቢ ቅርብ የሆነ አንድ ምዕራፍ አለ። በ1944 የራስ ተኑራን የነዳጅ ማጣሪያ ለማቆም የሠለጠነ እጅ ሲያጥር አራምኮ ፊቱን ወደ አሥመራ አዞረ። በጦርነቱ ተሸንፈው ኤርትራ ውስጥ የቀሩ ጣሊያኖችን፣ ግንበኛውን፣ አናጢውን፣ መካኒኩን፣ ቀጥሮ አሻገረ፤ ቁጥራቸው ከ1,000 በላይ ደረሰ። ለእነሱም ለብቻቸው ካምፕ ተሠራላቸው፤ ከዓረቡ ጎጆ የተሻለ፣ ከአሜሪካዊው ቤት የከፋ። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ምሥራቅ አፍሪካን እንገዛለን ይሉ የነበሩ ሰዎች፣ ሌላ ሰው በሠራው የዘርና የደረጃ መሰላል መሐል ላይ ተሰቅለው ቤታቸው አነሰ ብለው ሲያማርሩ ማሰብ፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈገግታ ሳያጭር አይቀርም።

ሠራተኛው ዝም አላለም። በ1945 አድማ ተነሣ። በጥቅምት 1953 ደግሞ ወደ 13,000 የሚጠጋ ሰው ሥራ አቆመ፤ ከጥያቄዎቹ መሐል የመኖሪያ ቤት ሁኔታ ይገኝበታል። መሪዎቹ ታሰሩ፤ ደመወዝ ግን ተጨመረ፤ ኑሮውም መሻሻል ጀመረ። በ1956 ንጉሥ ሳዑድ አካባቢውን በጎበኙ ጊዜ ሌላ አድማ ሲነሣ አድማ ማድረግ በዐዋጅ ተከለከለ። አብዱራሕማን ሙኒፍ በ1984 ባወጣው «የጨው ከተሞች» በተባለው ልብ ወለዱ ሐራን ብሎ የሰየማት፣ አሜሪካዊ ሐራንና ዓረብ ሐራን ተብላ ለሁለት የተከፈለችው ከተማ፣ ዳህራንን ለሚያውቅ ሰው ከማን እንደተቀዳች መንገር አያስፈልግም። መጽሐፉ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታግዷል፤ ደራሲው ዜግነቱን የተነጠቀው ከዚያ ሃያ ዓመት ቀድሞ ነበር።

ኩባንያው ሠራተኛውን ሁሉ በካምፕ ማኖር አልፈለገም። ወጪውን ፈራ፤ ጥያቄውንም ፈራ። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ያሉት ሁለት መንደሮች ከተማ እንዲሆኑ ገፋ። በ1947 የአራምኮ መሐንዲሶች ለኹበርና ለደማም ካርታ ነደፉ፦ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ በማዕዘን የሚቋረጡ፣ እኩል እኩል የተቆረጡ ብሎኮች። አሮጌዎቹ ከተሞች ሁፉፍና ቀጢፍ የነበራቸው ጠማማ ጥላማ መተላለፊያ እዚህ ቦታ አላገኘም። በሳዑዲ ዓረቢያ ከተማ በመስመር የተቀየሰበት የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው። አሮጌው መሐል ኹበር ውስጥ የሚሄድ ሰው ዛሬም መንገድ የማይጠፋበት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ብድር ነው፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ከካርታውም ከአድማውም ይልቅ የከተሞቹን መልክ የወሰነው እሱ ነው። ከ1951 ጀምሮ አራምኮ ለሳዑዲ ሠራተኞቹ ያለ ወለድ ገንዘብ እያበደረ፣ ከወጪውም የተወሰነውን ራሱ እየቻለ የግል ቤት እንዲሠሩ ማድረግ ያዘ። ብድሩን ለማግኘት ግን በመሐንዲስ የተሣለ ፕላን ማቅረብ ግድ ነበር፤ ቤቱም ከመንገዱና ከጎረቤቱ ድንበር ገባ ብሎ መቆም ነበረበት። ነባሩ የዓረብ ቤት ግድግዳውን ከመንገዱ አስጠግቶ ክፍት ቦታውን መሐሉ ላይ ነበር የሚያኖረው፤ ሴቶቹና ሕፃናቱ ከሰው ዓይን ርቀው የሚቀመጡት እዚያ ነው። በአዲሱ ደንብ ግቢው ከቤቱ ውጭ ሆነ፤ መስኮቱ ወደ ጎረቤት አየ። ሰዉ መላ አልጠፋውም፤ አጥሩን ከፍ አደረገ፣ በላዩም ቆርቆሮ ቀጠለበት። ዛሬ ከጅዳ እስከ ኹበር የሚታየው ቪላ፣ በአራቱም ጎን ጠባብ ባዶ ቦታ ያለው፣ በረጅም አጥር የታጠረው፣ ብዙ ነገሩን ያገኘው ከዚህ የኩባንያ ብድር መመሪያ ነው።

ቪላው ውስጥ የገባ ሰው አከፋፈሉን ወዲያው ያያል። የወንዶች እንግዳ መቀበያ ለብቻው በር አለው። የሴቶቹ ሌላ ነው። ከግቢው በር አጠገብ የሾፌር ክፍል አለ፤ ሴቶች እንዲያሽከረክሩ ሰኔ 2018 ላይ እስኪፈቀድ ድረስ ያለ ሾፌር መንቀሳቀስ ለቤተሰብ አስቸጋሪ ነበርና። የሠራተኛዋ ክፍል ብዙ ጊዜ ሰገነቱ ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ካልሆነም ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰርቪስ ቤት እንደምንለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ አዲስ አበባ ላይ ሰርቪሱ ሊከራይ መቻሉ ነው። እዚያ ያች ክፍል ከሥራ ውሉ ጋር የተሰፋች ናት፤ ውሉ ሲቀደድ ክፍሏም ታበቃለች። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያት በእነዚህ ከተሞች ሲኖሩ በየትኛውም የኪራይ ገበያ ውስጥ የማይታዩት ለዚህ ነው።

ከደማም የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1951 ሪያድ ደረሰ፤ ወደቡ ሰፋ፤ ብዙም ሳይቆይ የአውራጃው ዋና ከተማነት ከሁፉፍ ወደ ደማም ተዛወረ። የነዳጅ ኮሌጁ በ1963 ዳህራን ላይ ተቋቋመ። ይህ ሁሉ ግን የ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ ንረት ካመጣው ጎርፍ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነበር። ሲሚንቶና ብረት የጫኑ መርከቦች ወደብ ላይ ወረፋ ያዙ፤ ከኮሪያ፣ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከታይላንድ፣ ከፊሊፒንስ ሠራተኛ በአውሮፕላን ተጫነ። ሒዩንዳይ በ1976 የጁበይልን የኢንዱስትሪ ወደብ ሥራ ሲወስድ የኮንትራቱ ዋጋ 900 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። ቤት ያለው ሰው በኪራይ ከበረ።

መንግሥት በ1974 የሪል እስቴት ልማት ፈንድ የተባለውን ተቋም አቆመ። ለዜጋው እስከ 300,000 ሪያል ያለ ወለድ፣ በ25 ዓመት የሚከፈል ብድር ይሰጥ ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱም ቦታ ይመራ ነበር። የአራምኮ ሠራተኛ ብቻ ያገኘው የነበረው ዕድል ለአገሩ ሰው ሁሉ ተዳረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ መሐል ከተማው ተፈታ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አሮጌው ኹበር፣ ሡቅባ፣ የደማም ዐዳማና ደዋሲር ሰፈሮች ውስጥ የገነቡ ቤተሰቦች ወደ አዲሶቹ የቪላ ሰፈሮች ወጡ። የለቀቁትን ቤት ግን አልሸጡትም፤ ክፍል በክፍል ከፋፍለው ለውጭ ሠራተኛ አከራዩት። ሡቅባ ጋራዥ፣ የልብስ ሰፊ ሱቅ፣ የፓኪስታን ዳቦ ቤትና የሕንድ ምግብ ቤት የሞላበት ሆነች። ደማም ላይ ሴይኮ የሚባለው አካባቢ በዓርብ ከሰዓት በኋላ የአዛቦች መሰብሰቢያ ነው፤ ገንዘብ ይላካል፣ ስልክ ይገዛል፣ የአገር ልጅ ይገናኛል። ምዕራባውያን ባለሙያዎች ደግሞ ገንዳና ትምህርት ቤት ባላቸው የታጠሩ ግቢዎች ውስጥ ገቡ፤ የ1937ቱ አጥር በግል ኩባንያ ተተካ ቢባል ይሻላል።

የመንግሥት ስህተትም አልጠፋም። የቤት እጥረቱን ባስቸኳይ ለመፍታት ተብሎ በ1970ዎቹ መጨረሻ ደማምና ኹበር ላይ የቆሙት ፎቆች ለዓመታት ባዶ ቀሩ። ግቢና ሁለት በር የለመደ ቤተሰብ ከማያውቀው ሰው ጋር ሊፍት መጋራትን አልወደደም። የነዳጅ ዋጋ በ1986 ከ10 ዶላር በታች ሲወርድ የውጭ ኩባንያዎች ሠራተኛ ቀነሱ፤ ባዶ ቤት በባዶ ላይ ተደመረ። ሕንፃዎቹ ሰው ያገኙት በጦርነት ነው። ነሐሴ 1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር የሸሹ ኩዌታውያን በነዚህ ባዶ ፎቆች ተጠለሉ፤ ከፎቆቹ መሐል የኹበር ታወርስ የተባሉትን ደግሞ የአሜሪካ ወታደሮች ያዟቸው። ሰኔ 25 ቀን 1996 ከአጥሩ ውጭ የቆመ ቦምብ የጫነ መኪና ፈንድቶ 19 አሜሪካውያን ሞቱ። ግንቦት 2004 ኹበር ውስጥ ኦአሲስ በተባለው የውጭ ዜጎች መኖሪያና በቢሮዎች ላይ በተፈጸመው ጥቃት 22 ሰው ተገደለ። ከዚያ ወዲህ ግቢዎቹ የሲሚንቶ መከለያና የታጠቀ ጥበቃ አበዙ፤ የቻለው ምዕራባዊ ቤተሰቡን ባህሬን አኑሮ በ1986 በተከፈተው የ25 ኪሎ ሜትር የንጉሥ ፋህድ ድልድይ እየተመላለሰ መሥራትን መረጠ።

ባዶ በረሃ በተከበበ ከተማ መሬት እንዴት ይወደዳል? መልሱ የአውራጃው ሰው ሁልጊዜ የሚያማርርበት ነገር ነው፤ የአራምኮ ክልል። ከከተሞቹ ጀርባ የሚታየው ሜዳ ሰፊው ክፍል ለነዳጅ፣ ለጋዝና ለቧንቧ መስመር የተያዘ ነው፤ ቤት አይሠራበትም። የቀረውን ደግሞ ነጋዴው ገዝቶ ዋጋው እስኪንር ባዶውን ያስቀምጠዋል። መንግሥት በ2015 ባዶ የከተማ መሬት ላይ የዋጋውን 2.5 በመቶ ዓመታዊ ክፍያ ሲደነግግ የመጀመሪያው ዙር ሪያድን፣ ጅዳንና የደማምን ከተሞች ነበር የያዘው፤ በ2025 ጣሪያው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል።

በየብስ በኩል የተዘጋው ከተማ በባሕር በኩል ተከፈተ። የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ጥልቀት የለውም፤ ማዕበሉ ሲሸሽ ብዙ ርቀት በእግር ይኬዳል። አሸዋና ድንጋይ እየተደፋ የኹበርና የደማም ኮርኒሽ ተሠራ፤ ደማም ላይ መርጃን የምትባለው ደሴት እንኳ ሰው ሠራሽ ናት። በዚህ የተነሣ የቀድሞው ባሕር ዳር ዛሬ ከውኃው ርቆ ይገኛል፤ የዓሣ አጥማጆቹ መንደር መሬት ውስጥ ገብቶ፣ በሞላው ባሕር ላይ ፎቅና ካፌ በቅሏል። በታሩት ባሕረ ሰላጤ የነበረው የማንግሮቭ ደንና ሽሪምፕ የሚራባበት የባሕር ሣር በዚሁ ሙሌት ብዙ ተጎድቷል። በደቡብ በኩል ያለው የግማሽ ጨረቃ ወሽመጥ፣ ውኃው እንደ ሐይቅ የረጋው፣ የባለጸጎች የዓርብ ማረፊያ ሆነ። ለንደን ላይ አሮጌ ሰፈር ገዝቶ ማደስ ያስፈልጋል፤ ኹበር ላይ የሚታደስ የለም፤ ባሕር ዳሩ ራሱ እንደ አዲስ ይመረታል።

የሕዝቡን ስብጥር ባንድ ጊዜ የለወጠው ግን ሐምሌ 2017 ላይ የመጣው የጥገኛ ክፍያ ነው። እያንዳንዱ የውጭ ሠራተኛ ለሚያኖረው የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል ይክፈል ተባለ፤ በየዓመቱ መቶ እየተጨመረበት በ2020 ክፍያው 400 ሪያል ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት የሒሳብ ሠራተኛ በዚህ ስሌት በዓመት 19,200 ሪያል ለኢቃማ ብቻ ያወጣል፤ በአሮጌዎቹ ሰፈሮች የአንድ አፓርታማ የዓመት ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ነው። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ቀጣሪው በየሠራተኛው የሚከፍለው ታከለበት። ሕንዳዊው፣ ፓኪስታናዊው፣ ግብፃዊው ሚስቱንና ልጆቹን ወደ አገር ቤት አሳፈረ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በመላ አገሪቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ የውጭ ሠራተኛ ሥራውን ለቀቀ። ኪራይ ወረደ። ኪራይ ሲወርድ ግን የሚጠቀም ድሀ አልነበረም፤ ድሀው ሄዷል፤ ወይም ትናንት «ቤተሰብ» የነበረው ሰውዬ ዛሬ አዛብ ሆኖ ወደ ሡቅባ የጋራ ክፍል ተዛውሯል። አከራዩ «ለቤተሰብ ብቻ» የሚለውን ወረቀት ማንሣት አለማንሣቱን ሲያሰላ ታየ።

ከኢትዮጵያ በብዛት መሄድ የተጀመረው ከ1991 በኋላ ነው። ደርግ የመውጫ ፈቃድ ያጠብቅ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ወሎ፣ ጅማ፣ አርሲና ራያ ቀዳሚ ሆኑ። ከፊሉ በኤጀንሲ ኮንትራት፣ ከፊሉ በዑምራ ሄዶ በመቅረት፣ ከፊሉ ከጅቡቲው ኦቦክና ከሶማሊያው ቦሳሶ በጀልባ የመንን አቋርጦ። አብዛኛው ሪያድና ጅዳ ነው የቀረው፤ ኤምባሲው ሪያድ፣ ቆንስላው ጅዳ ስለሆነ ደማም ያለ ሰው ፓስፖርት ለማሳደስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አለበት። ሳዑዲ ዓረቢያ ኅዳር 2013 የጀመረችው ወረቀት የሌላቸው ሰዎች አፈሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሥራ ጉዞውን ከልክሎ በ2016 አዲስ ዐዋጅ አወጣ፤ ክልከላው የተነሣው በ2018 ነው። መጋቢት 2017 ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ የ90 ቀን ምሕረት ዐወጀች፤ ያለ ወረቀት ያለ ሁሉ ሳይቀጣ ይውጣ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ መመለሱ ለዓመታት አልቆመም።

ከካፊሏ፣ ከአሠሪ ዋሷ፣ ቤት ጠፍታ የወጣች ሴት ቤት የምታገኝበት መንገድ ጠባብ ነው። የኪራይ ውል ኢጃር በተባለው የመንግሥት የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ መስፈር ከጀመረ ወዲህ የኢቃማ ቁጥር ሳይኖር በስም መከራየት አይቻልም። ስለዚህ ወረቀት ያለው ሰው ይከራያል፤ ሌሎቹ በሱ ስም ሥር ይኖራሉ፤ እሱ ያወጣውን ዋጋ ይከፍላሉ። ፖሊስ አንድ ክፍል ሲከፍት ውል የሌላቸው ስድስትና ሰባት ሰዎች ያገኛል። ጅዳ ላይ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የድሀ ሰፈሮች በቡልዶዘር ሲፈርሱ ዓለም አይቷል። ደማምና ኹበር ላይ ብዙ ሰው የተነሣው ቡልዶዘር ሳያይ ነው።

የሳዑዲው ወጣት የራሱ ጣጣ አለው። በ2016 የቤት ባለቤት የሆነው የአገሩ ዜጋ ቤተሰብ 47 በመቶ ገደማ ነበር፤ መንግሥት በ2030 ወደ 70 አደርሰዋለሁ ብሎ በ2017 ሰከኒ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ፤ አሁን ከ60 በመቶ አልፏል። ብድሩ ግን እንደ አባቱ ጊዜ በቀጥታ ከመንግሥት ካዝና ሳይሆን ከባንክ ነው፤ መንግሥት የሚረዳው ወለዱን ነው። አባቱ በ1970ዎቹ ያገኘው ሰፊ ቦታ ላይ ዛሬ ግንቡን የሚካፈሉ ጠባብ ቤቶች ወይም ለሽያጭ የሚሠሩ አፓርታማዎች ይቆማሉ። አያቶቹ ሊፍት አንጋራም ብለው ባዶ ያስቀሩትን ዓይነት ፎቅ የልጅ ልጆቹ ተመዝግበው ይጠብቁታል።

ለውጭ ሰውም በር ተከፍቷል፤ ለማን እንደሆነ ግን ዋጋው ይናገራል። በ2019 የመጣው ልዩ መኖሪያ ፈቃድ ያለ ካፊል መኖርንና ቤት መግዛትን ይፈቅዳል፤ የዘላቂው ዋጋ 800,000 ሪያል ነው። ሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ ደግሞ ከ2026 መባቻ ጀምሮ የውጭ ዜጎች በተወሰኑ ቦታዎች ንብረት እንዲገዙ ያስችላል። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ፈቃዱን ለመግዛት ሳትበላና ሳትልክ ከ66 ዓመት በላይ ማጠራቀም ይኖርባታል።

እሷ ግን የምትገዛው ቦታ ሌላ ነው። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡና ደሴ ዳር ዳሩን የተሠሩት ብዙ ብሎኬት ቤቶች የዓረብ አገር ገንዘብ ናቸው፤ የአካባቢው ደላላ ዋጋ ሲጠራ ይህን ያውቃል፤ በደመወዙ ብቻ ቦታ ሊገዛ ያሰበው አስተማሪም ያውቃል። ባለቤቶቹ ኮንትራታቸውን ሲያድሱ ቤቱ ይከራያል፤ ኪራዩን የምትሰበስበው ብዙ ጊዜ እናት ወይም ታላቅ እህት ናት።